በአቶ ዳንሳ እጅ ውስጥ የቀረው መወርወሪያ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ወንበር ተደርድሮ ንግግር ተደረገልኝ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ፣ «ሰይድ በእግሩ ያላቆመው ሰው ጋሞ ውስጥ የለም» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብሁ፤ ለራሴ ማጨብጨቤን ያወቅሁት አጠገቤ የተቀመጠችው ጸሐፊ ስትስቅብኝ ነው። ከዚያ ጋቢ አለበሱኝ። የዶርዜ ሥራ፣ ጥለቱ ዐይን የሚይዝ። ዳሩን በጣቴ ስዳብስ አንድ ሸማኔ ትዝ አለኝ። ስለዚያ ሰው በዕለቱ ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። አሁን ጊዜ አለኝ፤ ላንሣው።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ሰው ሠራሽ እግርና እጅ መሥራት አዲስ አበባ ተምሬ አርባ ምንጭ ስመደብ፣ ሁለት ዓመት ቆይቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። የላይኛው ከተማ የሴቻ ነፋስና የታችኛው የሲቀላ ሙዝ አስረው አስቀሩኝ። የሥራ ቦታችን አራት ክፍል ነበረች፤ አንዷ የጀሶ፣ አንዷ የሞረድና የመጋዝ፣ አንዷ የቢሮ፣ አንዷ ደግሞ ሕመምተኞቻችን በሁለት ብረት መካከል መራመድ የሚለማመዱባት። ከተቆረጠው እጅ ወይም እግር የቀረውን ጉማጅ በጀሶ እንጠቀልላለን፣ ከጀሶው ቅርጽ እናወጣለን፣ በቅርጹ ላይ ጉማጁ የሚገባበትን ቀፎ እንሠራለን። የቀፎው ልክ በጥፍር ውፍረት ከተዛነፈ ሰውየው ሁለት ቀን ሳይሄድ ይቆስላል። ደመወዙን አታንሡት፤ ሥራውን ግን እወደው ነበር።

መለማመጃው ክፍል በር ላይ አንድ ረጅም መስታወት ቆሞ ነበር። አዲስ የተቆረጠ ሰው በመጣ ቁጥር ቀድሜ ሄጄ በአንሶላ እሸፍነው ነበር። ራሱን አይቶ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። ይህን ሳደርግ ደግ ሰው የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ሥራውን በእጄ ያስገቡልኝ ጋሽ ማርቆስ ናቸው። የቦንኬ ደጋ ሰው፣ አናጢ የነበሩ፣ በርና መስኮት ትተው ወደ እግር የዞሩ። ዲፕሎማ አልነበራቸውም፤ ዲፕሎማ ያለን ሁሉ ግን ቀፎ አልቀመጥ ሲለን የምንሮጠው ወደ እሳቸው ነበር። እግሩ የተቆረጠ ሰው አልጋ ላይ ከተኛ፣ እግሩ ቢኖር በሚያርፍባት ቦታ ላይ አይቀመጡም። ዞረው ያልፋሉ። መዶሻ እንኳ አያኖሩባትም። ሜትር ከማውጣታቸውም በፊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁን የት ነው ያለችው? ምን እያደረገች ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚጠይቁት ስለሌለችው እግር ነው። እኔ ይህን የሽማግሌ ወግ እያልሁ ከኋላቸው እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ከኩልፎ ወንዝ ዳር አንድ የሙዝ ገበሬ መጣ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ዓመት ሆኖታል። የሌሉት ጣቶቹ መካከል ያሳክከዋል፤ እንቅልፍ የለውም፤ እያለቀሰ ነው የሚናገረው። ጋሽ ማርቆስ አዲሱን እግር ካልሲና ጫማ አልብሰው፣ ሱሪውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አውርደው ከፊቱ ዘረጉለት። «ዐይንህን ከእሷ ላይ አትንቀል» አሉት። ከዚያ ጫማውን ቀስ ብለው አውልቀው፣ በአንድ እጃቸው የጎማውን እግር ጣቶች ማከክ ጀመሩ። በሌላ እጃቸው ደግሞ ከሱሪው ሥር ጉማጁን በዚያው አካሄድ ያሻሉ። ሰውየው መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ቆየና ትከሻው ወረደ። «እፎይ! እዚያ ጋ ነው! እዚያው ጋ!»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጀሶ ክፍል ገባሁ። ጋሽ ማርቆስ ተከትለውኝ መጡ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ጎማ እያከኩ ሰው ዳነ ሲባል ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ሰይድ፣ አንተ ያለውን ታክማለህ። ሰውየውን የሚያመው ግን የሌለው ነው» አሉኝ። «ሰው አዲስ እግር መጀመሪያ የሚያበቅለው በዐይኑ ነው። በዐይኑ ካልበቀለ እኛ የሠራነው ዱላ ነው።»

ይህን ንግግር ያን ጊዜ ጽፌ ብይዘው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ጋሽ ማርቆስ ጡረታ ወጥተው ሴቻ ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመት አልፎ፣ ለአጭር ሥልጠና አዲስ አበባ ተላክሁ። መምህሩ አንድ መስታወት ይዞ ገባ። በሕመምተኛው ሁለት እግሮች መካከል ያቁመውና ጤነኛው እግር በመስታወቱ ውስጥ እንዲታይ ያደርጋል። ሰውየው ወደ መስታወቱ ሲያይ የተቆረጠው እግሩ የተመለሰ ይመስለዋል። ጤነኛውን ሲያንቀሳቅስ የሌለውም ይንቀሳቀሳል፤ ተጨማድዶ የኖረው ጣት ይፈታል። ዐይን ያየውን አንጎል ያምናል አለን። እኔ የሸፈንሁት መስታወት ትዝ አለኝ። የጋሽ ማርቆስ ጎማም ትዝ አለኝ። ግን ምን ያደርጋል፣ አውቶቡሱ ሻሸመኔን ሳያልፍ ነገሩን ሁሉ እኔ ያገኘሁት አድርጌ ነበር።

ሲቀላ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄጄ ልክ አስቆረጥሁ፤ ጋሽ ማርቆስ ጥለውልን በሄዱት እንጨት ፍሬም ሠራሁለት። መጀመሪያ የሞከርሁት ከጎንደር ለትምህርት በመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላይ ነው። ባጃጅ ተገልብጦ ግራ እግሯን ያጣች ልጅ ናት። የሌሉት ጣቶቿ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተው ተቆላልፈው ያሠቃዩአታል። ከመስታወቱ ፊት ተቀምጣ ቀኝ ጣቶቿን ዘረጋች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ተፈቱ! ጋሽ ሰይድ፣ ተፈቱ እኮ!» አለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ ተኛች። ከዚያ በኋላ ሰው «ባለ መስታወቱ» ይለኝ ጀመር። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በወር ስንት ሰው እንደዳነ በሪፖርት ጠየቀኝ፤ እኔም በደስታ ጻፍሁ። አንገቴ ቀና አለ።

አቶ ዳንሳ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው።

የዶርዜ ሸማኔ ናቸው። ከጨንቻ ሲወርዱ የተሳፈሩበት አይሱዙ ተገልብጦ ግራ እጃቸው ከክርናቸው በታች ተቆርጧል። ክርናቸው ግን ደህና ነበር፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ከቆዳና ከእንጨት አንድ ማቀፊያ ሠራሁላቸው። ያን አስረው ክርናቸውን እያጠፉ፣ ማጉን በድሩ መካከል የሚያሳልፈውን መወርወሪያ ማቆም ለመዱ። በቀን ከዱሮው ሩቡን ያህል ቢሠሩ ነው፤ ቢሆንም ይሠሩ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አመነች የፈተሉት ጥጥ ሳይሸመን በቤት አልቀረም።

ሕመሙ ነው ያልለቀቃቸው።

«የት ነው የሚያምዎት?» አልኋቸው።

«እጄ ውስጥ። ግራዋ» አሉኝ፣ በዚያ ረጋ ባለ የደጋ ሰው አማርኛ። «መወርወሪያው እጄ ውስጥ አለ። ተቀበልኩ፤ አልመለስኩም። ጨብጣ ያዘች፤ አትለቅም። ጥፍሬ መዳፌን በላ። ሰይድ፣ ውሰድልኝ።»

እጃቸውን የቆረጠው መኪና ነው እንጂ በዚያ ሰዓት መወርወሪያ አልያዙም። እጃቸው ግን ዕድሜውን ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው።

የተጨበጠችው ቡጢ አለችበት ያሉትን ባዶ ቦታ ወደ እኔ ዘርግተውልኝ ነበር። ጋሽ ማርቆስ ቢሆኑ ኖሮ፣ አምናለሁ፣ እጃቸውን ሰደው መወርወሪያውን ይቀበሏቸው ነበር። እኔ ግን የሠለጠንሁ ሰው ነኝ።

«አቶ ዳንሳ፣ እዚያ ምንም የለም» አልኋቸው። «ጭንቅላትዎ ነው እንዲህ የሚያስመስለው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ጭንቅላቴ ደህና ነው» አሉ። ባለቤታቸው አቀርቅረው የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልሉ ጀመር።

በማግስቱ ለሸማኔ የሚስማማ ሕክምና አስቤ መጣሁ። ሲቀላ ገበያ ወርጄ መወርወሪያ ገዛሁ። አቶ ዳንሳን አስቀምጬ መስታወቱን በደረታቸው ፊት አቆምሁ፤ ጉማጁ ከመስታወቱ ጀርባ ተደበቀ። ቀኝ እጃቸው በመስታወቱ ውስጥ ግራ ሆኖ ታየ። «አሁን እንደ ሥራዎ ይወርውሩ፤ መስታወቱን እያዩ» አልኋቸው። ትንሽ አመነቱ። ወረወሩ።

ጮኹ።

እኔ ሕመሙ እየለቀቀ ነው ብዬ ደስ አለኝ። «ይድገሙት።» ደገሙት። ግንባራቸው በላብ ራሰ። «ሰይድ፣ እንዲህ አይደለም። ልክ አይደለም» አሉ። «ይለመዳል» አልሁ። እንዴት ነው ልክ ያልሆነው ብዬ አልጠየቅሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየሁለት ቀኑ ከዶርዜ እያስወረድሁ፣ ይህንኑ አስደረግኋቸው። በመጨረሻ ያ ቡጢ ከዱሮው የባሰ ጠበቀ። ማቀፊያውንም ማሰር አቃታቸው፤ ሽመናው ቆመ።

መስታወቱ ያልሠራበት ሰው በሪፖርቴ ውስጥ አልነበረኝም። ስለዚህ ምክንያት ፈለግሁ። ጉማጁ ጫፍ ላይ ሲነካ የሚያም አንድ ትንሽ እብጠት አገኘሁ። ነርቩ እዚያ ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል ብዬ የመላኪያ ወረቀት ጻፍሁ። አንድ ወረቀት፣ ስድስት መስመር። ሌላ ከተማ ሄዱ፤ ሐኪሙም የጻፍሁትን አምኖ ከፍ አድርጎ ቆረጠ። ክርናቸው ሄደ።

ሲመለሱ ሳያቸው ጋቢያቸው በግራ በኩል ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ቡጢውስ?» አልኋቸው።

«አለች» አሉ። «እዚህ መጣች።» በቀኝ እጃቸው ትከሻቸውን ነኩ። «መንገድ አሳጥረህላት።»

ባለቤታቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ተናገሩኝ። «በዚያች ክርን እኮ ይሠራ ነበር» አሉ። ሁለቱም ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እኛ ግቢ አልመጡም። የቆዳው ማቀፊያ መደርደሪያዬ ላይ ቀረ።

ለጋሽ ማርቆስ የነገርኋቸው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ሴቻ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የጫሞን ሐይቅ እያዩ ነበር። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ሸማኔ ሲሠራ ቁጭ ብለህ አይተህ ታውቃለህ?»

«ስንት ዓመት የለበስሁት የእነሱን ጋቢ አይደል?»

«መልበሱን አልጠየቅኩህም።» ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያለ ክር መሸመን ጀመሩ። ቀኙ ወረወረ፤ ግራው ተቀበለ። ግራው ወረወረ፤ ቀኙ ተቀበለ። «አየህ? ሁለቱ እጆች እኩል ወርውረው አያውቁም። አንዱ ሲሰጥ አንዱ ይቀበላል። የአንተ መስታወት ምን አሳየው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። መስታወት ቀኝ እጅ የሠራውን ነው ግራውን የሚያሠራው። ቀኙ ሲወረውር የሌለውም እጅ ወረወረ። ሁለቱም ሰጡ፤ የሚቀበል ጠፋ። መቀበል የሚያውቀውን እጅ፣ ዐይናቸው እያየ፣ ተራው ያልሆነውን ሥራ ሳሠራው ኖሬያለሁ። «ልክ አይደለም» ብለውኝ ነበር እኮ።

«ግራ እጅህ ምን ታደርግ ነበር ብለህ ጠየቅከው?»

«አልጠየቅሁም።»

«ሁለቱም እጅ እኩል የሚሠሩት ነገር ፈልግለት እንግዲህ» አሉና ወደ ሐይቁ ዞሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ሰው፤ እኔ ነኝ ያ ውሻ።

በዚያው ሳምንት መሄድ ነበረብኝ። ዶርዜ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። አልሄድሁም። ዛሬ ሥራ በዛ፣ ነገ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ተበላሽቷል እያልሁ ዓመታት አለፉ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ያንን ባዶ የጋቢ ጎን ማየት ፈራሁ። ከጥፋቴ ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄኛው ነው። መጀመሪያ ያጠፋሁት ባለማወቅ ነው እንበል፤ ካወቅሁ በኋላ ግን ሰውየው የጨበጠውን ጨብጦ ሲያድር እኔ አውቄ ተኝቻለሁ።

ጋሽ ማርቆስ ያረፉት እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። ለቅሶ ላይ ከቦንኬ የወረዱ አንድ አዛውንት ቤተሰቡን ሊመርቁ ተነሡ። በጋሞኛ ነበር፤ ቃሉን ሁሉ አልያዝሁትም። ዐይኔ የቀረው እጃቸው ላይ ነው። ሁለቱንም ወደ ፊት ዘረጉ፣ መዳፋቸውን እኩል ከፈቱ፣ እኩል ከፍ አደረጉ፣ እኩል ዝቅ አደረጉ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ስንት ሠርግ፣ ስንት ዕርቅ ላይ! ሁለቱም እጅ እኩል የሚሠሩት ነገር ይኸው ነበር። ለጋሽ ማርቆስ ካለቀስሁት ይበልጥ ለዚያ አለቀስሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ መስታወቱን በዚያ በሸለሙኝ ጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ሽቅብ ስንወጣ ረዳቱ «አባት፣ ቴሌቪዥን ነው?» ሲለኝ «አዎ» አልሁት።

አቶ ዳንሳ ሸምግለዋል። ቤት ውስጥ ሸማኔ እግሩን አስገብቶ የሚሠራበት የሽመናው ጉድጓድ በሳንቃ ተከድኖ በላዩ የድንች ጆንያ ተቀምጧል። ወይዘሮ አመነች ጥግ ላይ ይፈትላሉ። ማንነቴን ሳልናገር አቶ ዳንሳ አወቁኝ።

«ሰይድ። ምን ልትቆርጥ መጣህ?»

የሚገባኝ ነው። ባለሁበት ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መስታወቱን አሳስቼ እንዳሳየኋቸው፣ ወረቀቱን የጻፍሁት ስለ ስሜ ብዬ መሆኑን፣ ካወቅሁ በኋላ ፈርቼ መቅረቴን። «በድያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

የወይዘሮ አመነች እንዝርት ብቻ ይሰማል። «ቁጭ በል» አሉኝ አቶ ዳንሳ በመጨረሻ። እንግዳ ይቅርታ ጠይቆ ቆሞ አይቀርም በሚል ነው እንጂ ልባቸው ቶሎ አልለዘበም።

«አሁን ግራ እጅዎ የት ነው ያለው? ምን እያደረገ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ስምንት ዓመት ዘግይቼ።

ዐይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እዚሁ» አሉ፣ ትከሻቸውን ነክተው። «ይዛለች።»

«ከይቅርታው ጋር ይመርቁኝ። በሁለት እጅዎ።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ደስ አይልም። «አንዷን ወስደሃል እኮ።»

ጎናቸው ተንበርክኬ መስታወቱን በደረታቸው ፊት አቆምሁ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። በመስታወቱ ውስጥ ግራው ተዘረጋ፤ ሁለት የሽማግሌ እጆች፣ እኩል። በጋሞኛ ጀመሩ። መዳፋቸውን ከፈቱ፣ ከፍ አደረጉ፣ ዝቅ አደረጉ። ዐይናቸው ከመስታወቱ አልተነቀለም። ሦስተኛው ምርቃት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። ጣቶቻቸው እስከ ጫፍ ተዘርግተው ቀሩ።

«መወርወሪያው ወደቀ» አሉ።

ሦስታችንም ወደ መሬቱ አየን። እኔም አየሁ። እንዝርቱ ቆሟል።

«አንሳልኝ» አሉኝ።

መስታወቱን ለወይዘሮ አመነች አስያዝሁና አጎነበስሁ። ከእግራቸው ሥር፣ ከአፈሩ ላይ፣ በሁለት ጣቴ አነሣሁት። እንዳይጎዳ በመዳፌ ይዤው፣ «የት ላኑርልዎ?» አልኋቸው።

ወይዘሮ አመነች ተነሥተው የድንቹን ጆንያ ከሳንቃው ላይ ጎተቱት።

«እዚያ» አሉኝ አቶ ዳንሳ። «ቀስ ብለህ አስቀምጠው።»